ሃያ ገብቶ ሃያ የወጣበት ግቢ

ይህ ነገር የሆነው ከሰባት ወንዝ ወዲያ ነው። የአገሩን ስም አልናገርም። ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚቆጡ ጌቶች አሉትና እናንተም አትጠይቁኝ። የገባው ይግባው፣ ያልገባው ደግሞ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

በዚያ አገር፣ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ፣ የፈውስ ግቢ የሚባል ቦታ ነበር። ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ፣ ሰው ከመቅመሱ በፊት በዚያ ግቢ ባሉ ጥንቸሎችና ነጫጭ አይጦች ይሞከራል። መድኃኒቱን የሚሠሩት ቀማሚዎች ናቸው። እኛ ጠባቂዎቹ ደግሞ እንስሳቱን እናበላለን፣ እናጠጣለን፣ ጉዝጓዛቸውን እንቀይራለን። እኔ አንጓች እባላለሁ፣ የሦስተኛው ረድፍ ጠባቂ ነበርኩ። ልጄን ትርንጎን እዚያው ግቢ ወለድኳት፣ እዚያው ጡት አስጣልኳት።

ዛሬ ያንን ግቢ ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ጠዋት እርጥብ ሳር ተሸክመን ስንገባ የጥንቸሎቹ አፍንጫ ሁሉ በአንዴ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንድ መቶ አፍንጫ። ትርንጎ ጀርባዬ ላይ ሆና እሷም እንደነሱ አፍንጫዋን ታንቀሳቅስ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ደግ ጊዜ ነበር። ደግነቱን ግን ያኔ አላወቅነውም።

የዚያን ጊዜ አለቃችን እትዬ ጠጅቱ ነበሩ። አጭር ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ይበልጣል። እሳቸው የሚያስጠብቁት አንድ ደንብ ነበር፤ ከእናታቸው እናት የመጣ ነው ይሉ ነበር። የእጅ ቃል ይባላል። ጠዋት ማንም ቀማሚ ወደ ጎጆዎቹ ሳይጠጋ፣ እያንዳንዱ ጠባቂ ባዶ እጁን በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ ያሳርፋል። ጆሮውን ይይዛል፣ ሆዱን ይዳብሳል፣ ጀርባውን ይነካል። ከዚያ ግቢው መሃል ተሰብስበን እጃችን ያገኘውን ጮክ ብለን እንናገራለን።

«ሦስተኛው ረድፍ፣ አራተኛዋ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዟል» እላለሁ እኔ።

«ትበላለች?» ይላሉ እትዬ ጠጅቱ።

«ሳሩን አሽትታ ተወችው።»

«ጥርሷስ?»

«ታፋጫለች።»

«እንግዲያው ዛሬ አትነካም።»

አለቀ። አትነካም ከተባለ አትነካም። ካባ የደረቡት ቀማሚዎች እንኳ ፀሐይ ላይ ቆመው ይህንን ይሰሙ ነበር። አንዱ ትልቅ ቀማሚ አንድ ጊዜ «የሳር አጫጅ ቃል እስኪያልቅ እኔ ልጠብቅ?» ቢል፣ እትዬ ጠጅቱ «ይጠብቁ እንጂ፤ እኛስ የእርስዎን መድኃኒት ዓመት ሙሉ እየጠበቅን አይደል?» አሉት። ከዚያ ወዲያ ቀድሞን የሚሰለፈው እሱ ሆነ።

ለምን በእጅ እንደሆነ ገና በገባሁበት ቀን ነግረውኛል።

«ልጄ፣ ውሻ ሲያመው ያላዝናል። ፍየል ስትታመም ሰፈር ትቀሰቅሳለች። ጥንቸል ግን ሲያመው ዝም ይላል። በጣም ሲያመው ደግሞ በጣም ዝም ይላል። ስለዚህ በጆሮሽ አትጠብቂው።»

ሌላም ደንብ ነበር። አዲስ መድኃኒት ይዞ የመጣ ቀማሚ በሩ ላይ ይቆማል። ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፤ የሚጠይቀው ደግሞ አለቃችን ሳይሆኑ ከሁላችን ታናሽ የሆነው ጠባቂ ነው። ያለ እነሱ አይሆንም ወይ? በትንሽ አይሆንም ወይ? ሳያምማቸው አይሆንም ወይ? ሦስቱን ካልመለሰ አይገባም።

ታናሽ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ቀማሚ ዘርይሁን መጣ። ያኔ ጢሙ ገና ነው። ትርንጎ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች።

«ስልሳ ጥንቸል እፈልጋለሁ» አለኝ።

«በ... በትንሽ አይሆንም ወይ?»

«አይሆንም።»

ከኋላዬ ማንደፍሮ የሚባል የአምስተኛው ረድፍ ጠባቂ ነበር፤ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። «ምነው ጌታው፣ ሰርግ ደግሰዋል እንዴ?» አለ። ግቢው በሳቅ አለቀ። ዘርይሁን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሄደ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣና «ቁጭ ብዬ ሳስበው በሃያ ይሆናል» አለ። እትዬ ጠጅቱ ከራሳቸው ሳህን አጎረሱት። እስቲ እንደዚያ ያለ ነገር ዛሬ የት ይገኛል? የተሳሳተ ሰው አፍሮ ሄዶ፣ አስቦ መጥቶ፣ ጎርሶ የሚሄድበት።

ታዲያ አንድ ዓመት ከጎረቤት አገር መልእክተኞች መጡ። የአገሩ ጌታ ግቢውን ሁሉ አስጎበኟቸው። ሲጨርሱ ከመልእክተኞቹ አንዱ «እንስሳቱ ድሎት አላቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ጌታውን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። እኛን ቢጠይቁን ኖሮ የትኛው እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው በረድፍ በረድፍ እንነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሲያስቡ ሰነበቱና አዋጅ አስነገሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ በፈውስ ግቢ ያለ እንስሳ ሁሉ ተደላድሏል።»

አዋጁ ሲነበብ እልል አልን። ሞኞች ነበርን። ጉዝጓዝ የሚጨመር፣ ጎጆ የሚሰፋ መስሎን ነው። ነገሩ የገባን ቀስ እያለ ነው። ተደላድሏል ከተባለ በኋላ የታመመ እንስሳ አዋጅ ጥሷል ማለት ነው። የታመመውን አየሁ ያለ ጠባቂ ደግሞ አዋጅ ሲጣስ እያየ ቆሟል።

ቀጥሎ የድሎት ሹም ተሾሙልን። ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ፣ የሐር ትራስ ከብብታቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ድሎት የሚለኩት እንዲህ ነው። ትራሱን ከጎጆዎቹ መሃል ያስቀምጣሉ፣ ይቀመጡበታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ እስከ መቶ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። መቶ እስኪሞላ የእሳቸውን ዕረፍት የሚረብሽ ነገር ካልመጣ እንስሳቱ ተደላድለዋል። መቶ ሳይሞላ ዓይን መግለጥ ክልክል ነው፣ ለራሳቸው ለሹሙም ቢሆን።

እትዬ ጠጅቱን አላስቻላቸውም።

«ጌታዬ፣ ጥንቸል እኮ ሲያመው ነው ዝም የሚለው።»

«ሳያመውስ?»

«ሳያመውም ዝም ይላል።»

«እንግዲህ እርስዎ ራስዎ ተናገሩት። ዝምታ ዝምታ ነው።»

«ዝምታና ዝምታ ይለያያል፣ ጌታዬ። የሚለየው በእጅ ነው።»

«እጅ አዋጁ ላይ የለም» አሉ ሹሙ፣ ትራሳቸውንም ጠፍጠፍ አደረጉ።

ከወር በኋላ እትዬ ጠጅቱ ተከበሩ። በዚያ አገር ሰው የሚባረረው በክብር ነው። ከበሮ ተመታላቸው፣ የእጅ እመቤት የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው፣ ከእንግዲህ እጃቸው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ወፍራም የቆዳ ጓንት ተደረገላቸውና ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ለእኛም ለእያንዳንዳችን ጓንት ታደለን። ጓንቱን ያወለቀ ክብሩን አወለቀ ተባለ። በዚያ ጓንት እንኳን የጥንቸል ጆሮ፣ የራሳችን ጣት መኖሩም አይታወቀንም ነበር።

የእጅ ቃል ቀረ። የበሩ ሦስት ጥያቄም ቀርቶ በቦታው አንድ ጥያቄ ገባ፦ ተደላድለዋል ወይ? መልሱ ከጥያቄው በላይ በሰሌዳ ተጽፎ ተሰቅሏል። ጠዋት ስንገባ አናወራም። ሳሩን አስቀምጠን እንወጣለን። ትርንጎ እንኳ አፍንጫዋን ማንቀሳቀስ ተወች።

ከሁሉ የከፋው ደብተሩ ነበር። አዲሱ ደብተር «የገባ» እና «የወጣ» የሚል ቦታ ብቻ ነው ያለው። የሞተ የሚል የለውም፤ የተደላደለ አይሞትማ። እንስሳ ሲሞት ሳያስፈቅድ የሄደ ይባላል። ሳያስፈቅድ የሄደበት ጠባቂ ደግሞ ልጁን አዝሎ ከኮረብታው ይወርዳል። መጀመሪያ የወረደችው የሁለተኛው ረድፍ ውዴ ናት፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ። ላይ እኛ ዘንድ ለልጆች ወተት ነበር። ታች ግን በዚያ ዓመት ትክትክ ገብቶ ነበር። ሕፃን ሲያስል ፊቱ ይጠቁራል፣ ትንፋሹን ሲስብ እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ከውዴ ልጆች አንዱ በወረደ ወር ሳይሞላው ሞተ።

ከዚያ በኋላ ማንም መውረድ አልፈለገም።

ከግቢው ጀርባ ጥንቸል የሚራባበት ጋጣ አለ። ሹሙ ምሳቸውን በልተው ሲያሸልቡ፣ የሞተውን በቅርጫት ይዞ መውጣት፣ የሚመስለውን ይዞ መመለስ። ምትክ እንለው ነበር። መጀመሪያ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ማንደፍሮ ግን ተካነበት። አንዱን ነጭ ጥንቸል ጆሮውን በጥላሸት ቀብቶ ጥቁር ጆሮ አድርጎታል። አንድ ቀን ደግሞ ቸኩሎ ቡናማውን በነጭ ለወጠ። ሹሙ መጥተው ቆመው አዩት።

«ይሄ ቡናማ አልነበረም?»

«ነበር፣ ጌታዬ» አለ ማንደፍሮ። «ከድሎት ብዛት ነጣ።»

ሹሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ከጓንቱ ወዲህ የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁም ቶሎ ጠፋ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ቀማሚ ዘርይሁን የትክትክ መድኃኒት ሠራሁ ብሎ የመጣው። አሁን ጢሙ በቅሏል፣ ካባም ደርቧል፣ ልቡ ግን ያው ነው። የታች ልጆችን ሳል እየሰማ እህል አልበላ ብሎ ከስቷል። መድኃኒቱ ቢጫ ነው፣ ወፈር ይላል፣ ማር ማር ይሸታል። ለአምስታችን ለአምስቱ ረድፍ ሃያ ሃያ ጥንቸል ተመደበ፣ ሠላሳ ቀን ሊጠጡ።

በአራተኛው ቀን አንዷ ጥንቸሌ ጥግ ይዛ ተኮራመተች። በጓንቴ ነካኋት፣ ምንም አልነገረኝም። በማግስቱ ደርቃ አገኘኋት። ትርንጎን አየኋት፣ ወተቷን እየጠጣች ነው። ለወጥኳት። ጎመኑ እርጥብ ሆኖባት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩ። በሳምንቱ ሁለት ለወጥኩ። ብርዱ ነው አልኩ። ሠላሳው ቀን ሲሞላ ከሃያዎቹ አስራ አንዱን ለውጫለሁ። ለማን ልናገር? የሌላው ረድፍ ደህና ይመስለኛል። ሳር ስንቀበል እንገናኛለን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

በሠላሳኛው ቀን ደብተሩ ተነበበ። አንደኛ ረድፍ፣ ሃያ ገብቶ ሃያ ወጣ። ሁለተኛ ረድፍ፣ ሃያ ገብቶ ሃያ ወጣ። አምስቱም እንዲሁ። ዘርይሁን እንባው መጣ። ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁት» ብሎ እጅ ነሳን። አፈር ብሆን ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሹሙ የጌታውን ቃል አነበቡ። መድኃኒቱ ለአገሩ ልጆች ሁሉ ይሰጣል። ለክብር ሲባል ግን የመጀመሪያውን ማንኪያ የሚቀምሱት የጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት።

ትርንጎ አራት ዓመቷ ነው። አስራ አንድ ጥንቸል የገደለውን ነገር ልትጠጣ ነው። አይሆንም ብል ለምን እባላለሁ፣ ለምኑን ከተናገርኩ እሷን ይዤ ትክትክ ወዳለበት እወርዳለሁ። ዝም ብል ደግሞ በማንኪያ ይሰጧታል።

ማንደፍሮ የሳር ክምሩ ጋ ብቻዬን አገኘኝ።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ምንም አይደል።»

«የእኔም ምንም አይደል» አለ። ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህት ዓለም፣ ለጥንቸል ምትክ ያላጣን ሰዎች ለልጅ እናጣለን? ሹሙ እንደሆኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ታች ልጅ ሞልቷል። እናቱን ማር በማንኪያ ይሰጣል በያት፣ ራሷ መርቃ ትሰጥሻለች።»

«አንተ ሰው አይደለህም!» አልኩት።

«አንቺስ ነሽ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በማግስቱ ዕለት ወረድኩ።

እንጨት የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ዘነቡ ትባላለች። ልጇ የትርንጎ ቁመት ነው። ሳሉ ገና አልያዘውም። በዓል እንዳለ፣ ልጁም ማር እንደሚቀምስ፣ ነገ ከቀትር በፊት እንደምመልሰው ነገርኳት።

«የላይ ሰዎች ከመቼ ወዲህ ነው የእኛን ልጅ ያሰባችሁት?» አለችኝ።

«ለበዓሉ ነው።»

«በዓሉስ የምን ነው?»

«የ... የድሎት።»

ሳቀች። ሁለት ጥርስ የላትም። «ደግ በዓል ነው። በይ እንዳትጥዪብኝ፣ ያለኝ አንድ እሱ ነው» ብላ መረቀችኝ፣ አፍንጫውንም በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። ልጁ እጄን ያዘኝ። ጓንቴን ቤት ትቼው ነበር። ትንሽ፣ የሞቀ እጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎን አዝዬ፣ ልጁን በእጄ ይዤ እትዬ ጠጅቱ ቤት ሄድኩ። ትርንጎን እዚያ ትቻት ልሄድ ነው። እትዬ ጠጅቱ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ልጁን አዩት።

«ይሄስ የማነው?»

«የ... የሰው ነው።»

«የሰው መሆኑንማ አያለሁ። ጥንቸልማ አይደለም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጆሮውን ያዙ፣ ሆዱን ዳበሱ። እንደ ድሮው። «ደህና ነው፣ ርቦታል እንጂ። ስሙ ማነው?»

አላውቀውም። አልጠየቅኳትም። ከጋጣ የሚመጣ ምትክ ስም አይጠየቅም፣ ለምዶብኛል።

እትዬ ጠጅቱ ጎመኑን አስቀመጡት።

«አንጓች፣ ስንት ለወጥሽ?»

«አስራ አንድ።»

«ይሄ አስራ ሁለተኛው ነው?»

እንዲህ ነው ያሉኝ። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ለልጁ የተቀነጠሰ ጎመን ሰጡት፣ በጥሬው መብላት ጀመረ። ትርንጎን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠኋቸውና ልጁን ይዤ ወጣሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እግሬ ብቻ ሄደ።

ግቢው በቄጠማ አጊጧል። አምስታችን በየረድፋችን ቆምን፣ እያንዳንዳችን ልጅ ይዘናል። ዘርይሁን ከፊታችን በትልቅ ማሰሮ መድኃኒቱንና የብር ማንኪያውን ይዞ ቆሟል፣ ፊቱ በርቷል። መጀመሪያ ድሎቱ ይለካ ተባለ። ሹሙ ትራሳቸውን አኖሩ፣ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

ወደ ጎኔ ዞር ብል ማንደፍሮ አንድ ልጅ ይዟል። የማንደፍሮን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ጥርሰ ፍንጭት ነው። ይሄ እሱ አይደለም። የአንደኛውን ረድፍ ጠባቂ አየሁ። የያዘቻትን ልጅ አላውቃትም። አራተኛውን አየሁ፣ በውዴ ቦታ የገባችውን አየሁ። አንድም የግቢ ልጅ የለም። አምስቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ አምስቱም የታች ልጆች ናቸው፣ አምስቱም ማሰሮውን እያዩ ከንፈራቸውን ይልሳሉ።

ለካስ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ሁሉ ቀን ስለ ዝናብ ያወራነው እያወቅን ነው።

«አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት...»

«ቀማሚ ዘርይሁን» አልኩ። «ከእኔ ረድፍ አስራ አንድ ሞተዋል።»

ዘርይሁን ፈገግ እንዳለ ቀረ። «ሃያ ገብቶ ሃያ ወጥቷል። ደብተሩን አይቻለሁ።»

«የገቡት ሃያና የወጡት ሃያ አይተዋወቁም።»

«ሠላሳ አንድ!» አሉ ሹሙ ጮክ ብለው። ዓይናቸው በአዋጅ ተጨፍኗል፣ ቅንድባቸው ግን ይዘላል። «ሠላሳ ሁለት!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታስጨርሺን ነው?» አለ ማንደፍሮ በጥርሱ መሃል። የያዘው ልጅ ግን ቀና ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ማሩ መቼ ነው?» አለው። ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። ያ አፍ የሚለው አጥቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁን አየው፣ ማሰሮውን አየው።

«ዘጠኝ» አለ። «የእኔ ዘጠኝ።»

«አስራ ሦስት» አለች የአንደኛው ረድፍ፣ ማልቀስ ጀምራለች።

«ሰባት።»

«አስር።»

ዘርይሁን ሲደምር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሃምሳ። ከመቶው ሃምሳ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። በቁጣ አይደለም። ያኔ በሩ ላይ ስንስቅበት እንደነበረው ልጅ ሆኖ ነው። «በመጀመሪያው ሳምንት ብሰማ ምን እንደሆነባቸው ፈልጌ አገኘው ነበር። አስተካክለው ነበር። እስካሁን እኮ በደረስኩበት ነበር!»

«የት ቆመን እንንገርዎ?» አልኩት።

«ስልሳ ስድስት! ስልሳ ሰባት!»

ዘርይሁን ወደ ልጆቹ ጎንበስ አለ። «የእናንተ አይደሉም» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ማሰሮውን በሁለት እጁ አነሳና ቄጠማው ላይ ደፋው። ማር ማር የሚለው ሽታ ግቢውን ሞላው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ።

«ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ» አሉ ሹሙ። ዓይናቸውን ገለጡ። ባዶውን ማሰሮ አዩ፣ እኛን አዩ። «ሁሉም ጠጡ?»

«አንድም አልጠጣም፣ ጌታዬ» አለ ዘርይሁን። «ደብተሩ ላይ የሞተ የሚል ቦታ ይጨመር።»

«ደብተሩ ሞልቷል» አሉ ሹሙ። ከዚያም በእርጋታ ጻፉ፦ ሁሉም ጠጡ፣ ሁሉም ተደላድለዋል። ቀለሙን እፍ ብለው አደረቁና ትራሳቸውን አንስተው ሄዱ።

በሳምንቱ ለአምስታችንም ለዘርይሁንም ከበሮ ተመታልን። በክብር ወረድን። ዘርይሁን ድንበር ተሻገረ ይባላል። መድኃኒቱ አልተሠራም። ትክትኩ እስከ ዛሬ በየክረምቱ ይመጣል፣ በደብተሩ ላይ ግን የለም። እኔም ትርንጎ ባሳለች ቁጥር እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ሰው ስለ ግቢው ሲጠይቀኝ ወተቱ ነው ወይ የናፈቀሽ ይለኛል። አይደለም። ጠዋት ተነስቼ እጄ ያገኘውን ጮክ ብዬ ስናገር፣ ካባ የለበሰ ሰው ቆሞ የሚሰማኝ ጊዜ ነበር፤ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዚያው ዕለት፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ ልጁን ይዤ ወደ ዘነቡ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ሲነፋረቅ ነው የመጣው። ዘነቡ እንጨቷን እየፈለጠች ነበር።

«ምን ሆነ? ምን አደረጋችሁት?»

«ምንም።»

«ማሩን ደፉት! ደፉት እኮ!» አለ ልጁ።

ዘነቡ መጥረቢያዋን ጣለች።

«ደፋችሁት? ሰጡት ሳይሆን ደፉት? ከዚህ ድረስ ወርደሽ፣ ልጄን ከእጄ ወስደሽ፣ አንድ ማንኪያ ነፍጋችሁት ሰደዳችሁት? አይ የላይ ሰዎች! ጥጋብ ሲያናግራችሁ! እኔ ሞኟ ደግሞ መርቄሽ ነበር፣ ምርቃቴን መልሺልኝ! ውሸታም! ሆዳም! ለልጅ የማይራራ ሆድ ምን ይሠራል?»

ጎረቤቶቿ ወጡ፣ እነሱም አገዟት። ማንደፍሮም በወዲያኛው ሰፈር፣ ሌላ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሰደብ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም። እስክትጨርስ ቆምኩ። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ይዞ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ፣ ኮረብታው ድረስ እስኪሰማ ያለቅስ ነበር።